ኑሮዬ ተቀየረ፣ 13 ኪሎ ጨመርኩ፤ ከየት ልጀምር?

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ዕድሜዬ 31፣ ቁመቴ 1.62 ነው። ያደግኩት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ እናቴና ወንድሞቼ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔ ከሥራ እንዳልርቅ ብዬ ግንፍሌ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራየሁ። በዚያው ሰሞን ሥራም ቀየርኩ። ድሮ ፒያሳ ጨርቅ ቤት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ቁም ነው። ጣቃ ማውረድ፣ ጣቃ መስቀል፣ ለምሳ ሮጥ ብሎ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ ሮጥ ብሎ መመለስ። አሁን ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አንድ ቢሮ ሒሳብ ክፍል ነኝ። ከወንበሬ የምነሳው ለሽንት ቤትና ለሻይ ነው።

ያኔ 61 ኪሎ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት 74።

የነቃሁት ግን በሚዛን አይደለም። አንዲት ጥቁር ሱሪ አለችኝ። ልብስ ሰፊው ጋ ወሰድኳትና ወገቡን ልቀቅልኝ አልኩት። ገለበጣት፣ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ “እህቴ፣ ባለፈው የለቀቅኩልሽ እኮ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ የላትም” አለኝ። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ ደግሞ ደስታዋ ሌላ ነው። “እሰይ፣ ሥጋ ያዝሽ፣ ሰው መሰልሽ” ትላለች። እሁድ እሁድ ስሄድ አንድ በልቼ ስጨርስ ሌላ ይጨመራል። እምቢ ካልኩ “በሞቴ” አለ። በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል?

አበላሌን ልንገራችሁ። ቁርስ ብዙ ጊዜ የለም። ካለም ቢሮው በር ላይ ከምትሸጠው ልጅ ፓስቲ በሻይ። ሻይና ማኪያቶ በቀን አራት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ስኳር። ምሳ ከሰው ጋር ነው። ማታ ከጓደኛዬ ጋር ሽሮ፣ ፓስታ፣ ወይ ፍርፍር እንሠራለን። ብዙ የምበላ አይመስለኝም። እንዲያውም ኑሮው አላስበላ ብሏል፤ 5 ሊትር ዘይት ገዝተን ለሁለት ሰው ወር አይሞላም።

የሞከርኩት ሁለት ነገር ነው። ኬቶ የሚባለውን፣ እንጀራና ዳቦ የሚያስተወውን አመጋገብ፣ ጀምሬ 11 ቀን ቆየሁ፣ በ12ኛው ቀን አንድ ሙሉ አምባሻ ብቻዬን በላሁ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ማቅጠኛ ሻይ ገዛሁ። ሁለት ኪሎ በአራት ቀን ቀነሰ። ግን አንድ ስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ወጣሁ፣ አለቃዬ “ደህና ነሽ?” እስኪለኝ። ሻዩን ሳቆም ሁለቱም ኪሎ በሳምንቱ ተመለሰ።

አሁን ፍልሰታ ሊገባ ነው። እስከ 9 ሰዓት ጾሜ በቀን አንዴ ብቻ ብበላ ምን ይላችኋል? ጂም ለመግባት ብሩም የለም፣ ክረምቱም አያስወጣም። የሠራላችሁን ንገሩኝ። “ቆንጆ ነሽ እንዳለሽ ሁኚ” የምትሉኝን አመሰግናለሁ፣ ግን ሱሪዬ አልሰማችም።

ብረት_አንሺ፦

እንጀራ አቁሚ። ጂም ግቢ። አለቀ።

ሁለት_ልጅ_አንድ_ወገብ፦

ወንድሜ ብረት አንሺ፣ ብር የለኝም እያለችህ እኮ ነው። እንጀራ አቁሞ ደግሞ ምን ሊበላ ነው፣ ብረት?

የኔ እህት፣ እኔ በሌላ መንገድ እዚያው ደርሼ ነበር። ሁለተኛዋን ስወልድ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ቅቤው፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር “አንቺም ቅመሺ” እየተባለ። ክፋት የለውም፣ ለአራስ ነው። ችግሩ ከአራስ ቤት ከተነሳሁ በኋላም አፌ አራስ እንደሆነ ቀረ። ሥራ ስመለስ 16 ኪሎ ትርፍ ይዤ ነው። ማንም ያየኝ “ተመችቶሻል” ይለኛል። ሌሊት አራት ጊዜ ተነስቼ፣ ቀን ቢሮ እያንቀላፋሁ፣ ተመችቶኝ!

ምሳ ከሰው ጋር ነው ስላልሽ ነው የምጽፍልሽ። የጠረጠርኩት እሱን ነው። እኛ ቢሮ ስድስት ሴቶች ነን። ስድስት ምሳ ዕቃ መሐል ላይ ይከፈታል። እኔ ጎመንና ምስር ሠርቼ እሄዳለሁ፣ ጎመኔን እነሱ “ሲጣፍጥ!” እያሉ ይጨርሱታል፣ እኔ የነሱን ቋንጣ ፍርፍር እበላለሁ። ፍርፍር ደግሞ እንጀራ በእንጀራ ነው፤ የተፈረፈረውን ባልተፈረፈረው እየጠቀለልሽ። በዚያ ላይ ጉርሻ። ስንት እንደበላሁ እግዜር ይወቀው። ማታ ላይ “ዛሬ እኮ ጎመን ነው ይዤ የሄድኩት” እላለሁ ለባሌ።

የለወጠኝ አንዲት ትንሽ ሳህን ናት። ይዣት ሄድኩ። ከሁሉም ምሳ ዕቃ ቆንጠር ቆንጠር አድርጌ ሳህኔ ላይ አደርጋለሁ፣ እንጀራዬን አጠገቡ። ሳህኑ ሲያልቅ አለቀ። መጀመሪያ “ፈረንጅ ሆነች” ብለው ሙድ ያዙብኝ። አሁን ከነሱም ሁለቱ ሳህን ይዘው ይመጣሉ።

የእናትሽን ነገር ደግሞ “አልበላም” አትበያት። እናት እንደዚያ አትባልም። አንዴ ከበላሽ በኋላ “እማዬ፣ ቋጥሪልኝ፣ ነገ ለምሳ እይዘዋለሁ” በያት። የኔዋ ከመብላቴ ይልቅ መቋጠሩ ነው ደስ የሚላት። ቤት ስትደርሺ ጓደኛሽ ትርዳሽ።

ሲስተር_ነኝ፦

ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ መልሱን ራስሽ ጽፈሽው አልፈሽ ሄደሻል። ዘይቱ!

አብረን እናስላው። 5 ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው። ጀሪካኑ በሙሉ ከ41 ሺህ ካሎሪ በላይ ሆነ ማለት ነው። ለሁለት ሰው፣ ለ30 ቀን አካፍዪው። በቀን ለእያንዳንዳችሁ 690 ካሎሪ ገደማ ይመጣል። ይህ ዘይቱ ብቻ ነው፣ ሽሮው፣ ፓስታው፣ እንጀራው ገና አልተቆጠረም። በማንኪያ ካልሽ በየቀኑ ከአምስት የሾርባ ማንኪያ በላይ ዘይት እየጠጣሽ ነው። ወር አይሞላም ስላልሽ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። “ብዙ አልበላም” ያልሽው እውነትሽን ነው፣ ሆድ በዘይት አይሞላማ።

እናቶቻችን ሽንኩርት ሲያቁላሉ መጀመሪያ በደረቁ ነው። ሲይዝ ውሃ ጠብ፣ ሲይዝ ውሃ ጠብ፣ ሽንኩርቱ ከሟሸሸ በኋላ ነው ዘይት የሚገባው። እናትሽን ጠይቂያት፣ እንደዚያ ነው የምትሠራው ብዬ እወራረዳለሁ። እኛ የዛሬ ልጆች ቸኩለን መጀመሪያ ዘይት እናንቆረቁራለን፣ ድስቱ ሲደርቅ ደግሞ እንጨምራለን። ስለዚህ ከጀሪካን በቀጥታ አትጨምሪ። የሾርባ ማንኪያ ድስቱ አጠገብ ይቀመጥ፣ ለሁለት ሰው ሽሮ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። መጀመሪያ ሰሞን ይደርቅባችኋል፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ጨምሩበት።

ስኳሩ። አራት ጊዜ ሁለት ሁለት፣ ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው፣ 32 ግራም ገደማ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ግድም ቢሆን ይመረጣል ይላል። በአንዴ አታቁሚ፣ አንድ አንድ አድርጊው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የድሮው ይጎመዝዝሻል።

እንጀራ ጠላት አይደለም። ብረት አንሺ ይቅር ይበለኝ፣ ጤፍ አሰር አለው፣ ብረትም አለው፣ ያውም ሳይነሳ የሚበላ። ጥያቄው መጠኑና ላዩ ላይ የሚፈሰው ነው። ሁለት እንጀራ ከሆነ አንድ ይሁን፣ ጎመንና ሰላጣው እጥፍ ይሁን፣ ምስር ወይ ሽምብራ አይጥፋ። ምስርና ሽምብራ ቶሎ አያስርቡም።

ማቅጠኛ ሻዩን በጭራሽ እንዳትመለሺበት። እንዲህ ዓይነቶቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት። የወጣው ውሃ ነው። ምግቡን ሰውነትሽ ቀድሞ ወስዶታል።

ፍልሰታን በተመለከተ፣ ጤነኛ ከሆንሽ እስከ 9 ሰዓት መጾም አይገድልሽም። ግን ጾሙ ጾም ይሁን፣ ማቅጠኛ አታድርጊው። በቀን አንዴ እበላለሁ ያለ ሰው 9 ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚበላ ስንቱን አይቻለሁ። የጾም ምግብ ቀላል ነው የሚለውም ውሸት ነው። ሳምቡሳ የጾም ነው፣ ፓስቲም የጾም ነው። አያቶቻችን ፍልሰታን ቆሎና ንፍሮ እየበሉ ያልፉት ነበር። የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ከሰላጣ ጋር፣ በቃ፣ ጥሩ መፍቻ ነው።

ክብደትሽን ለቁመትሽ ሳሰላው፣ ኪሎሽን በሜትር ቁመትሽ ሁለት ጊዜ አካፍዬ፣ 28.2 መጣ። ከ25 በላይ ትርፍ ክብደት ይባላል። አትደንግጪ፣ አሁኑኑ 61 አትበይ፣ መጀመሪያ 70 ድረሺ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ ጥሩ ነው። ሚዛን ከሌለሽ ልብስ ሰፊሽ ሜትር አለው። ለሴት ወገብ ከ80 ሴንቲ ካለፈ ጥንቃቄ፣ ከ88 ካለፈ ሐኪም ማየት። ለማንኛውም ደም ግፊትና ስኳር ተለኪ።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ሲስተር፣ የዘይቱን ለጓደኛዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ “ጀሪካኑን ማን ነው የሚገለብጠው?” አለችኝ። እሷ ናት። ጸብ ልታመጪብኝ ነው።

እናቴንም ደውዬ ጠየቅኳት። “ታዲያ እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?” አለችኝ፣ ተገርማ። በ31 ዓመቴ ሽንኩርት ማቁላላት አልችልም ማለት ነው።

የምሳው ነገር ደግሞ ቁርጥ የኛ ቢሮ ነው። እኛ አምስት ነን፣ አንዷ ግን የሁለት ሰው ታጎርሳለች።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ስለ ጾሙ አንድ ነገር ልበልሽ። አንቺ ስኳር የለብሽ ይሆናል፣ ይህን ከሚያነቡት ውስጥ ግን ያለበት አይጠፋም።

በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤት ሳለሁ ቢያንስ ደረጃ እወጣ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሥራዬ ከጓደኞቼ ጋር ካፌ ቁጭ ማለት ሆነ። ጠዋት አንድ ማኪያቶ፣ ረፋድ ላይ ሌላ ማኪያቶ፣ ወሬው ሲጥም ኬክ። ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር የሚገባ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ ስኳር አለብህ ተባልኩ፣ ኪኒን ታዘዘልኝ።

በሁዳዴ ጾም ጊዜ ኪኒኔን ጠዋት ዋጥኩና ሳልበላ ዋልኩ። ለሐኪሜ አልነገርኩም፣ “ምን ይለኛል” ብዬ። ስምንት ሰዓት ገደማ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ እያለሁ እጄ ተንቀጠቀጠ። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ከፊቴ ያለውን ሰው ትከሻ ያዝኩ፣ ሰውዬው ሌባ መስዬው ኪሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ነኝ። አንዲት ልጅ ለስላሳ ከፍታ አፌ ላይ ባታስጠጋልኝ ኖሮ ይህን አልጽፍም። ስኳሬ ወርዶ ነው። አንዳንዱ ኪኒንና መርፌው ሳይበሉ ከተወሰደ እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪም ሳያስተካክልለት አይጹም። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፣ በሽተኛ አይገደድም፣ መድኃኒትህን ውሰድ አሉኝ።

አሁን ከንጋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ነኝ። ወጣቶቹ ደረጃውን በሩጫ ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ እኔ ታችኛውን እርከን በእርምጃ ዳር እስከ ዳር። ካፌ መሄዱ አልቀረም፣ ማኪያቶዬ ግን ያለ ስኳር ነው። ጓደኞቼ “መድኃኒት ነው የምትጠጣው” ይሉኛል።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንኳን ተረፉ። ሰውዬው ኪሱን የያዘው ላይ ሳላስበው ሳቅኩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በእግሩ_ሄያጅ፦

ስለ ጂም ሁሉም ዘለለው። ጂም ምን ያደርግልሻል፣ ከግንፍሌ ብሔራዊ እየሠራሽ! እኔ አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ለገሃር። ጠዋት በቤተ መንግሥቱ በኩል ቁልቁል ወደ ፍልውሃ፣ ከዚያ አምባሳደር፣ ብሔራዊ። እስካንቺ ቢሮ ድረስ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፣ ቁልቁለት ስለሆነ አያልብም፣ ቢሮ ሸተትሽ አትባዪም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከምቆመው ጊዜ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ የሻይ መጠጫ ነው።

ማታ ዳገቱ አለ፣ እሱን አልዋሽሽም። የመጀመሪያው ሳምንት ሸራተን አካባቢ ስደርስ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነበር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አትፈሪ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ብቻ ጀምሪ። በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ 150 ደቂቃ ይሆናል፣ ለጤና በትንሹ የሚመከረው እሱ ነው። አንቺ በጠዋቱ ብቻ ታልፊዋለሽ። ጨርቅ ቤት ሳለሽ ሳታውቂው ስትሠሪው የነበረው ስፖርት ይኸው ነው።

ለክረምቱ ሁለት ነገር ብቻ። ቢሮ መሳቢያሽ ውስጥ ደረቅ ካልሲና ጫማ አስቀምጪ። ጃንጥላ ደግሞ ያው። እኔ ከሁሉም ያስቸገረኝ ዝናቡ ሳይሆን ማታ መንገድ ላይ የሚጠበሰው በቆሎ ነው። ሽታው ከሩቅ ይጠራል።

ብረት_አንሺ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ጡንቻም ያስፈልጋታል። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ 15 ጊዜ፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ብር አይጠይቅም። እንጀራውን ብዪ።

ሁለት_ልጅ_አንድ_ወገብ፦

ሰው ሆንክ አሁን።

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

ነሐሴ 20 ነው፣ የሆነውን ልነግራችሁ ተመልሻለሁ።

ሲስተር ባለችው መሠረት ጤና ጣቢያ ሄጄ ተለካሁ፣ ስኳሬም ግፊቴም ደህና ነው። ወገቤ 91 ነበር፣ አሁን 89። ሚዛኑ 72.6 ይላል። ለሚስቅብኝ፣ አዎ፣ ሜትሩን የያዘው ልብስ ሰፊው ነው።

ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ጾምኩ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት እንደተባለው ንፍሮ በልቼ ፈታሁ፣ አምስተኛው ቀን ላይ ሦስት ሳምቡሳ። ስድስተኛው ቀን ወደ ንፍሮው ተመለስኩ። ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ከባድ ዝናብ የጣለባቸውን ሦስት ቀናት ሳይጨምር። ዳገቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሞከርኩት፣ ወዳጅነት አደባባይ አጥር ሥር ቆሜ ተንፍሼ ታክሲ ፈለግኩ።

ጾም የተፈታ ዕለት እናቴ ጋ ነበርኩ። ዶሮ ወጥ። በሞቴ ከመባሌ በፊት “እማዬ፣ ቋጥሪልኝ” አልኳት። ደስ ብሏት አንድ ምሳ ዕቃ ሳይሆን ሁለት ቋጠረች፣ ከነእንቁላሉ። ግንፍሌ ስደርስ አንዱ ለጓደኛዬ ሆነ።

ዘይቱ። 5 ሊትሩን ከገዛን ዛሬ 24 ቀን ሆነው፣ ከግማሽ በላይ አለው። ግን ትናንት ማታ ወጥ ቤት ስገባ ጓደኛዬ ማንኪያውን ሾርባ መጨለፊያ በሚያክል ቀይራዋለች። “ማንኪያ ማንኪያ ነው” ትለኛለች። ሲስተር፣ እባክሽ የማንኪያውን መጠን በሚሊ ሊትር ጻፊልኝ፣ አትሜ ግድግዳው ላይ ልለጥፍ።

ሲስተር_ነኝ፦

15።